የስድስት ወር ሰው

ባለፈው እትማችን ስለ ስደት ሁለት ግጥምና አንድ መጣጥፍ ወጥቷል። ግጥሞቹ ጥሩ ናቸው፤ አንደኛውን ለዶርሜ ልጆች ጮክ ብዬ አንብቤላቸው "ድገመው" ብለውኛል። መጣጥፉ አናዶኛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ዳሩ ግን ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፦ ሦስቱም መንገድ ላይ ያልቃሉ። ወይ በረሃ ላይ፣ ወይ ጀልባ ላይ፣ ወይ በታሸገ መኪና ውስጥ። የሐዲያና የከምባታ ልጅ መንገድ ላይ ከሞተ ግጥም ይጻፍለታል። ከደረሰስ? ከደረሰ "ተሳካለት" ይባልና ብዕራችን ይደርቃል። ጠቤ ከዚህ ዝምታ ጋር ነው።

መንገዱ ይገድላል፤ ይህን የሚክድ የለም። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የማወራለት ወረቀት የሚቆጥረው በዚያ ነውና።) በ2012 ታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ ከ40 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞቱ። በ2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰው ሞቶ ተገኘ፤ የተረፉት 14 ብቻ ናቸው። በ2022 ማላዊ ምዚምባ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተቆፈረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሉሳካ ዳር፣ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነ 27 አስከሬን መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ይህን ሁሉ እናውቃለን። ሆሳዕና ውስጥ ድንኳን የጣለ ሁሉ ያውቀዋል።

እስቲ ግን ደረሰ እንበል። ሞያሌን አለፈ፤ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቋረጠ፤ ጆሃንስበርግ ገባ። ዛሬ በራሂማ ሙሳ ስም የሚጠራው፣ የእኛ ልጆች ግን እስካሁን "ጄፒ" የሚሉት መንገድ ላይ ወንድሙን ወይም የሰፈሩን ልጅ አገኘ። ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ "ሎኬሽን" ወረደ፤ ሎኬሽን ማለት በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች የተከለሉበት የከተማ ዳር ሰፈር ነው። በዱቤ ሸጠ፤ በየሳምንቱ እየዞረ ለቀመ። ኋላም አንዲት ታክ ሾፕ፣ ማለት እኛ ሱቅ በደረቴ ከምንላት ትንሽ ከፍ ያለች፣ ከፈተ። ከዚያስ?

ሀቢቾ ገበያ ላይ ቆማችሁ "የእገሌ ልጅ እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ደኅና ነው፤ ገብቷል፤ ወረቀትም ይዟል" ይሏችኋል። እኔ የሀቢቾ ልጅ ነኝ፤ ይህን መልስ ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ። "ወረቀት ይዟል" የምትለዋ ቃል እኛ ዘንድ "ድኗል" እንደማለት ነው የምትነገረው። ልጁ ስንት ብር እንደላከ ይጠየቃል፤ ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ ይጠየቃል። ለመሆኑ ወረቀቱ ምን ይላል? ይህን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። እኛ የኪነ ጥበብና የቋንቋ ተማሪዎች ነን ባዮች እንኳ፣ ሥራችን ጽሑፍ ማንበብ ሆኖ ሳለ፣ ይህን አንድ ገጽ ጽሑፍ አላነበብነውም።

እንግዲህ እናንብበው። ደቡብ አፍሪካ በ1998 የስደተኞች ሕግ አወጣች፤ በ2000 ሥራ ላይ ዋለ። የሕጉ አንቀጽ 22 ጥገኝነት ለጠየቀ ሰው፣ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ፣ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጠዋል። ልጆቹ "አሳይለም" የሚሉት እሱን ነው። ፎቶግራፍ አለው፣ የፋይል ቁጥር አለው፣ የሚያበቃበት ቀን አለው። ሦስት ወር፤ ሲሻል ስድስት ወር። ሲያበቃ ማሳደስ ነው። እንደገና ሲያበቃ እንደገና ማሳደስ። ሰልፉ ሌሊት ይጀመራል፤ ቢሮው ደግሞ ያለህበት ከተማ ላይኖር ይችላል። የኬፕ ታውኑ ቢሮ በ2012 ለአዲስ አመልካቾች ተዘጋ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 ክፈቱ ብሎ ፈረደ፤ የተከፈተው በ2023 ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ኬፕ ታውን የሚኖር ልጅ ወረቀቱን ለማሳደስ ፕሪቶሪያ ወይም ሙሲና ድረስ በአውቶቡስ ይመላለስ ነበር። ከ2021 ወዲህ እድሳቱ በኢንተርኔት ሆኗል። ሰልፉ ቀረ፤ ስድስት ወሩ ግን አልቀረም።

ማመልከቻው የሚጠይቀው ምን ሸሽተህ እንደመጣህ ነው። በዘርህ ነው? በሃይማኖትህ? በፖለቲካ አመለካከትህ? የጎምቦራ ልጅ ምን ብሎ ይሙላ? "የአባቴ መሬት ለአምስት ወንድማማች አልበቃ አለ" የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም። "አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ አራት ዓመት ቁጭ አልኩ" የሚልም የለም። (በእውነት የተሳደደ ሰው የለም አላልኩም፤ አለ፤ እሱም በዚሁ ሰልፍ መሐል ነው የሚጠፋው።) በሌላ በር ልግባ እንዳይል፣ የሥራ ቪዛ "ይህን ሥራ የሚሠራ የአገር ሰው አጣሁ" ብሎ የሚያረጋግጥ አሠሪ ይፈልጋል። የንግድ ቪዛ የ5 ሚሊዮን ራንድ ካፒታል ይፈልጋል። 5 ሚሊዮን ራንድ ያለው ሰው የማላዊን ጫካ በእግሩ ምን ሊያደርግ ያቋርጣል? ስለዚህ ሠርቶ አደሩን ሁሉ ወደ አንድ ጠባብ በር ይነዱታል፤ በበሩ ሲገባ ታሪክ እንዲፈጥር ያስገድዱታል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ "ሐሰተኛ ስደተኛ" ብለው ይሰድቡታል። ይህን የመሰለ ተንኮል በልብ ወለድ ብጽፈው መምህራችን "አይታመንም" ብለው ይመልሱልኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከዚህ ጊዜያዊ ወረቀት ወደ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሚወስድ መንገድ አለ ወይ? አለ። ሕጉ ላይ ተጽፏል። አንቀጽ 27 (ሐ) ይባላል፤ ልጆቹ ቁጥሩን እንደ መዝሙር ቁጥር በቃላቸው ይይዙታል። ጥገኝነቱ ጸድቆለት "ስታተስ" ያገኘ ስደተኛ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረ፣ የስደተኞች ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴም "ይህ ሰው ላልተወሰነ ጊዜ ስደተኛ ሆኖ ይቀራል" ብሎ ካረጋገጠለት፣ ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይችላል ይላል። ይል ነበር ማለት ይሻላል። በ2017 የወጣው፣ ከጥር 2020 ጀምሮ የሚሠራበት ማሻሻያ አምስቱን ዓመት አሥር አድርጎታል።

አሥር ዓመት ብዙ ነው፤ ግን እሺ፣ የእኛ ሰው ይጠብቃል፣ መጠበቅ ያውቃል። የሚያቃጥለው ሌላ ነው። አሥሩ ዓመት የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ከገባበት ቀን ነው? አይደለም። የመጀመሪያውን ወረቀት ከያዘበት ቀን ነው? አይደለም። ጥገኝነቱ ከጸደቀበት ቀን ነው! አብዛኛው ማመልከቻ ደግሞ ውድቅ ይሆናል፤ ውድቅ ሲሆን ይግባኝ ይባላል፤ ይግባኙ እስኪታይ ያው ስድስት ወር ይታደሳል። የደቡብ አፍሪካ ዋና ኦዲተር በ2019 እንዳለው፣ ይግባኝ ሰሚው ፊት የተከመረው ፋይል አንድም አዲስ ባይጨመርበት እንኳ ለማጠናቀቅ 68 ዓመት ይፈጃል። ደግሜ ልጻፈው፦ ስድሳ ስምንት። በ25 ዓመቱ የገባ ልጅ መልሱን በ93 ዓመቱ ይሰማል ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ሎኬሽን ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ኖሮ፣ አግብቶ፣ ሦስት ልጅ ወልዶ፣ ሱቁ ሁለት ጊዜ ተዘርፎ ሁለት ጊዜ አቋቁሞ፣ ሠላሳ ጊዜ ወረቀት አሳድሶ፣ በሕግ ፊት የኖረው ዘመን ስንት ነው ቢባል መልሱ ዜሮ ነው። ገና ይመጣል እየተባለ የሚጠበቅ ሰው ነው። በአካል ከደረሰ አሥራ አምስት ዓመቱ፤ በወረቀት ግን አልደረሰም። ግጥም የማይጻፍለት ሰው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ታሪክ ክፍል ያላችሁ ስሙኝ። ይህች አሥር ዓመት የምትባል ቁጥር በዚያች አገር አዲስ አይደለችም። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ሰው በገዛ አገሩ ከተማ ውስጥ ያለ ፈቃድ ከ72 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም ነበር። የ1945ቱ የከተሞች ሕግ፣ በ1952 እንደተሻሻለ፣ በአንቀጽ 10 ጥቂት ሰዎችን ይለይ ነበር፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ወይም 15 ዓመት በሕግ የኖረ፣ ወይም ለአንድ አሠሪ 10 ዓመት ሳያቋርጥ የሠራ ሰው በከተማው መኖር ይችላል። አሥር ዓመት ሳያቋርጥ! ታዲያ መንግሥት ምን አደረገ? በ1968 የወጣ የሥራ ደንብ የሠራተኛው ውል ከአንድ ዓመት እንዳይበልጥ፣ ዓመቱ ሲያልቅም ሰውየው ወደ ትውልድ ቦታው ተመልሶ እንደገና እንዲፈርም አዘዘ። ውሉ በየዓመቱ ስለሚቋረጥ አሥር "ያልተቋረጠ" ዓመት የሚሞላ ሰው አይኖርም። በእጅ የሰጡትን በሕግ ነጠቁት።

ሪክሆቶ የሚባል ወዛደር ነበር። ጀርሚስተን በሚገኝ ፋብሪካ ለአንድ አሠሪ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል፤ በየዓመቱ ፈቃድ ወጥቶ አገሩ ይገባል፣ ተመልሶ ይፈርማል፣ ያንኑ ሥራ ይቀጥላል። መብቴን ስጡኝ ሲል "አንተ አሥር ዓመት አልሠራህም፤ አንድ አንድ ዓመት አሥር ጊዜ ነው የሠራኸው" አሉት። እሱ ግን በጠበቆች ተደግፎ ከሰሰ፤ ረታ። መንግሥት ይግባኝ አለ፤ በ1983 የይግባኙም ፍርድ ቤት ለሪክሆቶ ፈረደ። በየዓመቱ የሚታደስ ሥራ አንድ ሥራ ነው፣ ያልተቋረጠ ነው ተባለ። የይለፍ ሕጉ ራሱ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1986፣ ተሻረ።

ይህን ፍርድ ሳነብ ያሰብኩት ጄፒን ነው። ያ ዳኛ በአፓርታይድ ዘመን፣ በዚያ የነጭ ፍርድ ቤት ተቀምጦ፣ እየታደሰ የሚሄድ ጊዜያዊነት ጊዜያዊ እንዳልሆነ ገብቶታል። ከ1994 ወዲህ የመጣው፣ በሪክሆቶ ወንድሞች ድምፅ የቆመው መንግሥት ግን ያችኑ ዘዴ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ፣ አቧራዋን አራግፎ፣ በማላዊ በኩል ለመጣው ጥቁር አዋላት። ለዚምባብዌዎቹማ ሽፋንም አላስፈለገውም። ከ2010 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ እየተባለ ስሙ እየተለዋወጠ፣ ጊዜው እየተራዘመ የሚሰጣቸው፣ ወደ 178,000 ሰዎች የያዙት ወረቀት፣ የቱንም ያህል ዘመን ብትኖር ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ አትችልም የሚል ሁኔታ አለበት። ለነገሩ ይህኛው ይሻላል፤ ቢያንስ አይዋሽም።

"ይህ እኮ የአገሮች ሁሉ ሕግ ነው፤ ማንም እንግዳን ዝም ብሎ አይቀበልም" የሚል አይጠፋም። እስቲ ወደ አውስትራሊያ እንሂድ፤ ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አውስትራሊያ ለወጣቶች የምትሰጠው "የሥራና የዕረፍት" ቪዛ አላት። እኩያችን የሆነ የጀርመን ወይም የጃፓን ልጅ፣ 18 ዓመት ከሞላውና 30ን ካላለፈ፣ ያመለክታል፤ ገብቶ አንድ ዓመት እየተዝናና ይሠራል። በገጠር ሦስት ወር ፍሬ ከለቀመ ሁለተኛ ዓመት ይጨመርለታል፤ ከዚያ ስድስት ወር ከደገመ ሦስተኛ። መሐል ላይ የሚወደው አሠሪ ካገኘ አሠሪው ዋስ ይሆነውና ወደ ሌላ ቪዛ፣ ከዚያም ወደ ቋሚ መኖሪያ ይሸጋገራል። ለሁሉም ይሳካል አላልኩም፤ ደረጃው ግን አለ፤ እግሩን የሚያሳርፍበት ያያል። ፍሬ መልቀም ለእሱ ገድል ነው፤ አገሩ ሲመለስ ያወራዋል። የዚያ ቪዛ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ከአፍሪካ ስንት አገር አለ መሰላችሁ? አንድም። ፍሬ መልቀም ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? እንሰት ፍቆ፣ ቡና ለቅሞ፣ አገዳ ቆርጦ ያደገ ሕዝብ! ያው ወጣትነት፣ ያው ጉልበት፣ ያው "ዓለምን ልይ" የሚል ልብ፤ አንዱን ተጓዥ ይሉታል፣ ሌላውን ፈላሽ።

አገዳ ካልኩ አይቀር፤ ይህ ነገር ለእኛ አባቶች እንግዳ አይደለም። የሐዲያና የከምባታ ሰው ወደ ደቡብ ከመጉረፉ በፊት ወደ ምሥራቅ ይጎርፍ ነበር፤ ወደ ወንጂ። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ከኢንዶኔዥያ ተነቅሎ መጥቶ በ1954 የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ ኋላም ሸዋን፣ ከዚያ መተሐራን አቆመ። አገዳውን የሚቆርጥ ጉልበት ከየት መጣ? ከዚሁ ከእኛ ደጋ። በወቅቱ ይሄዳሉ፤ ቆረጣው ሲያልቅ ይመለሳሉ፤ በዓመቱ ያው ሰው፣ ያው ማሳ፣ ያው ገጀራ። መዝገቡ ላይ ግን "ወቅታዊ"። ቋሚው ሠራተኛ ቤት አለው፣ ሐኪም አለው፣ ጡረታ አለው፤ ወቅታዊው ወባውን ይዞ ወደ ቆጮው ይመለሳል። ሆላንዶቹ በ1975 ሲወረሱ ብዙዎቹ እልል አሉ፤ ወቅታዊነት ግን ባለቤት ብቻ ነው የለወጠ። አያቶቻችን ሐያ ዓመት ወቅታዊ ሆነው አርጅተዋል። አሁን የልጅ ልጃቸው ጄፒ ላይ ሐያ ዓመት ጊዜያዊ ሆኖ ያረጃል። ዛሬ የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2019 የሥራ ውልን በመሠረቱ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋል፤ በውስን ጊዜ ማሰር የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። ስለዚህ "ጊዜያዊ" የሚለው ቃል የጉልበት ማርከሻ መሆኑን ሕግ አውጪዎችም አያጡትም።

ሆሳዕና ላይ በ2001 ገደማ በተደረገ ጉባኤ አንድ የውጭ አገር ሰባኪ "ወደ ደቡብ በር ተከፍቷል" ብለው ነበር እየተባለ ይወራል። ብለው እንደሆነና እንዳልሆነ አልከራከርም። በሩን ያየ ብዙ ነው፤ ከበሩ ኋላ ያለውን ኮሪደር የነገረን ግን የለም።

አሁን ወደ ራሳችን። ደቡብ አፍሪካን ብቻ ብወቅስ ይህ ጽሑፍ ለቅሶ ይሆን ነበር፤ ለቅሶ ደግሞ ግጥሞቹ በቅተውናል።

የአንቀጽ 22 ወረቀት የያዘ ሰው ያለ ሚኒስትሩ ፈቃድ ከአገር ከወጣ ወረቀቱ ይሞታል። ስታተስ ያገኘውም ቢሆን ወደ ሸሸው አገር ከተመለሰ "እንግዲያው አልተሰደድክም" ተብሎ ስታተሱን ሊነጠቅ ይችላል፤ ኤምባሲ ሄዶ ፓስፖርት ማውጣቱ እንኳ ሊያስጠይቀው ይችላል። ይህ በሀቢቾ ቋንቋ ምን ማለት ነው? አባቱ ሲሞት አይቀብርም ማለት ነው። እኛ ዘንድ አባቱን ያልቀበረ ልጅ ምን እንደሚባል እዚህ አልጽፍም፤ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ድንኳን ውስጥ አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ልጁ ከዚያ ማዶ በስክሪን ያለቅሳል፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ፊቱ ይደርቃል። ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ? "ገንዘብ አሳስሮት ቀረ።" አላሰረውም! ያሰረው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ያንን ወረቀት ደግሞ "ይዟል፣ ድኗል" ስትሉለት የከረማችሁት እናንተው ናችሁ።

ያሆዴ ሲደርስ ሰንጋው ከእሱ ይጠበቃል፤ ከምባታም ሄዳችሁ መሳላን ብታዩ ያው ነው። ሆሳዕና ላይ ቤት ያሠራል፤ ቆርቆሮውን የሚያየው በፎቶ ነው፤ የሚተኛበት ታናሽ ወንድሙ ነው፤ እሱም ወረፋውን እየጠበቀ ነው የሚተኛው። ሚስት ይላክለታል፤ ሽማግሌ ሲላክ የሙሽራዋ ወገን "ወረቀት አለው?" ብለው ይጠይቃሉ፣ "አለው" ይባላል፣ ይመረቃል። ልጅቷ ደርሳ የወረቀቱን ቀን ስታነብ ምን እንደምትል ጠይቆ የጻፈ ሰው ከእኛ መሐል አለ? እህቶቻችን በዚህ መጽሔት ላይ ቢጽፉ እሷን ይጽፏት ነበር፤ ለምን እንደማይጽፉ አዘጋጆቹ ያስቡበት።

መንግሥታችንም ያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/2002 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ያገኛል፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሠራል፣ ይነግዳል። መልካም ነው፤ አልቃወምም። ግን አስቡት፤ ዜግነቱን የለወጠው በክብር ይገባል፤ ዜግነቱን ያልለወጠው የጎምቦራ ልጅ፣ ምንም ሌላ አገር የሌለው፣ አባቱን ሊቀብር መግባት አይችልም። ለባለ ቢጫ ካርዱ መሥሪያ ቤት አለ፣ መስኮት አለ። ከሳዑዲ አረቢያ ጋር የሠራተኛ ስምምነት ተፈርሟል፤ ቢያንስ የሚያስጠይቅ ወረቀት አለ። ወደ ደቡብ ለሚሄደው ግን እኛ ሰፈር የማውቀው መሥሪያ ቤት ደላላው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ ልጨምር፤ ባልጨምር አድርባይነት ይሆናል። እኛስ ምን ዓይነት አስተናጋጅ ነን? ጅጅጋ አጠገብ ቀብሪ በያህ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ከ1991 ጀምሮ ቆሟል። እዚያ የተወለደ ልጅ ዛሬ ከእኛ ይበልጣል፤ ልጅም ወልዷል። የ2019ኙ የስደተኞች አዋጃችን በወረቀት ላይ ከብዙ አገሮች የተሻለ ነው፣ የመሥራትም መብት ይሰጣል፤ ከወረቀት እስከ ሰው ያለው ርቀት ግን እኛም ጋ ያው ርቀት ነው። ጄፒ ላይ ለወንድማችን የምንጠይቀውን ለቀብሪ በያህ ልጅ ካልጠየቅን ጩኸታችን የዘመድ ጩኸት ብቻ ነው።

ወደ መጣጥፉ ልመለስ። ጸሐፊው ጓደኛችን ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ የሚሄዱት "ገንዘብ አፍቃሪዎች" ናቸው፤ እዚሁ ቢሠሩ ይለወጡ ነበር። ሁለተኛ፣ የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ "ውለታ ቢስ" ነው፤ ትግሉን አግዘነው ሳለ ያርደናል።

ስለ መጀመሪያው አጭር መልስ አለኝ፤ ጓደኛችን የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ስለ ሁለተኛው ግን ዝም ማለት አይቻልም፤ መርዝ ነውና። በ2008 በተነሳው ሁከት 62 ሰው ተገድሏል። ከእነዚህ 21ዱ ራሳቸው ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። በ2024 መጨረሻ ከየሱቁ በተገዛ ምግብ ተመርዘው ሕፃናት ሲሞቱ ፕሬዚዳንት ራማፎሳ የሰፈር ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ቀኑ ኋላ ተራዘመ። ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች ቁጣ ሐሰት አይደለም። ኦፕሬሽን ዱዱላ የሚባለው ቡድን ያንን ቁጣ ወስዶ ወደ እኛ ልጅ ሱቅ ይነዳዋል፤ ሥራ አጡን በስደተኛው ላይ መንዳት ደግሞ ጌቶች በየትም አገር የሚያውቁት ጥበብ ነው። ባለ ስድስት ወሩ ነጋዴ በዚያ መሐል ማንን ይዞ ይሟገታል? ወረቀቱ ምዝገባው ሳያልቅ ሊያልቅ ይችላል።

ደግሞ "ውለታ ቢስ" ከተባሉት መሐል እነማን እንዳሉ እንቁጠር። በ2003 ጥገኝነት ጠያቂ የመሥራትና የመማር መብት እንዳይነፈግ የፈረዱት የእነሱ ዳኞች ናቸው። በ2014 ስደተኛውም ጥገኝነት ጠያቂውም ሱቅ ከፍቶ የመነገድ መብት አለው ብለው የፈረዱት የእነሱ ዳኞች ናቸው፤ ተጠቃሚዎቹ የእኛም ልጆች ናቸው። ወረቀቱን በቀኑ ያላሳደሰ ሰው ጥያቄውን ትቶታል ተብሎ ይዘጋበት የሚለውን አንቀጽ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2023 ውድቅ አድርጎታል። በእነዚህ መዝገቦች ከሳሽ ሆነው የቆሙትን የስደተኞች ማኅበራትና የነፃ ጠበቆች ድርጅቶች አንድ በአንድ ብናይ አንድ ነገር እናስተውላለን፦ ሶማሌዎቹ ማኅበር አላቸው፤ ተሰብስበው ይከሳሉ። የእኛ ሰው ዕድር አለው፣ ቤተ ክርስቲያን አለው፣ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ በአንድ ቀን ገንዘብ ያሰባስባል። ለሞተው እንዲህ የሚረባረብ ሕዝብ ለሕያው ሰው የአሥራ አምስት ዓመት ቆጠራ ለምን አንድ መዝገብ አይከፍትም? የሪክሆቶ ጥያቄ ለጄፒም ይሠራል፦ ሠላሳ ጊዜ የታደሰ ስድስት ወር አሥራ አምስት ዓመት ነው ወይስ አይደለም? የመዘግየቱ ጥፋት የቢሮው ሆኖ ሳለ ዘመኑ ከሰውየው ላይ ለምን ይቀነሳል?

የምንችለው ትንሽ ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም። የሕግ ክፍል ልጆች የሪክሆቶን ፍርድና የ2023ቱን ፍርድ ያንብቡልን፤ የቋንቋ ክፍል ልጆች ሰው በሚገባው አማርኛ፣ በሐዲይኛና በከምባትኛ እንጻፈው። ሁለት ገጽ ይበቃል፦ አንቀጽ 22 ምንድነው፣ 24 ምንድነው፣ የትኛው ዓመት ይቆጠራል፣ የትኛው አይቆጠርም፣ ከአገር መውጣት ምን ያስከትላል። ሆሳዕና መናኸሪያ ላይ፣ ዱራሜ ላይ፣ ሀቢቾም በገበያ ቀን እናድለው። ለሚሄደው ብቻ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹም፣ ልጃቸውን ለሚድሩትም ወላጆች። ሄዳችሁ ቅሩ፣ ወይም አትሂዱ የሚል ቃል አይገባበትም፤ ስብከት የሚሰጥ ሞልቷል።

ስቴንስሉን እኔ እቆርጣለሁ። ከምባትኛ የሚጽፍ ሰው ግን ያስፈልገናል፤ ፈቃደኛ የሆነ በአዘጋጁ በኩል ያግኘኝ። የመጣጥፉ ጸሐፊም መልስ ካለው የሚቀጥለው እትም የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው፤ ከመጻፉ በፊት ግን የአንድ ሰው ወረቀት ተውሶ ያንብብ።